የአውጫጭኝ ወፍ

ፖሊሶቹ የመጡት ዓርብ ጠዋት፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ «ትኩረት» ብዬ ጽፌ ከሥሩ እያሰመርኩ ነበር። ሁለት ናቸው። አንደኛው ቆቡን አውልቆ፣ ከእኔ ይልቅ እሱ አፍሮ፣ «መምህር፣ ለአምስት ደቂቃ ይፈለጋሉ» አለኝ። ያቺ አምስት ደቂቃ ሰባት ወር ሆነች።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብቼ ሥነ ልቡና የሚባለውን ትምህርት ቀምሼ፣ ጎንደር ከተማ አንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንዳስተምር ተመድቤ ነበር። የቀመስኩት ትምህርት ግን አላስቀምጥ አለኝ። ዓርብ ዓርብ ከእንግሊዝኛው ሰዓት ላይ ቆንጠር አድርጌ ለተማሪዎቼ ስለ ማስታወስ፣ ስለ ልማድ፣ ስለ ፍርሃት አወራላቸው ነበር። ቤቴም አንድ ወፍራም ደብተር ነበረኝ። የሥነ ልቡናን ቃላት አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ ኮሌጅ ያልረገጠ ሰው እንዲገባው አድርጌ በአማርኛ የምጽፍበት ነው። ፖሊሶቹ ቤቴን ሲበረብሩ ያገኙት አደገኛ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

የታሰርኩበት ክፍል ጣልያን ለዕቃ ማስቀመጫ የሠራው ነው ይባል ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ብረት፣ መስኮቱ ሰው ቆሞ እጁን ቢዘረጋ የማይደርስበት ነው። የረጠበ ጋቢ ሽታ ተቀበለኝ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታየኝም። ከዚያ ከግራ ጥግ አንድ ድምፅ «ግባ ግባ፣ አትፈር፤ ሳሎናችን ሰፊ ነው» አለ።

ባለድምፁ የጭነት ማኪና ሾፌር ነበር። ከአዘዞ ሲመጣ ለአንድ ትልቅ ሰው መንገድ አልለቀቀም ተብሎ ነው የገባው። «ማርሹ እምቢ ብሎኝ እንጂ ንቄስ አይደለም» ይላል፤ ይህን በቀን ሦስት ጊዜ ይለዋል። ከእሱ ጎን አንድ መሪጌታ ተቀምጠዋል። እሳቸው ደግሞ ስለ መሬት ግብር የሚናገር አንድ ወረቀት አግኝተው፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጮክ ብለው በማንበባቸው ነው የታሰሩት።

እኔንም ያሳሰረኝ ያው ወረቀት ነው። ትክል ድንጋይ ገበያ ላይ አንድ ቅዳሜ ተበትኖ ተገኘ። በታኙ «የጎንደር አስተማሪ» ነው ተባለ፤ ከአስተማሪዎቹም መካከል ደብተር የሚያበዛው እኔ ነበርኩና እኔው ሆንኩ። ወረቀቱን አልበተንኩም። የዚያን ቅዳሜ ጉንፋን ጥሎኝ ቤቴ ተኝቼ ነበር፤ ከአከራዬ በቀር ግን ምስክር አልነበረኝም። ማን እንደጻፈው አውቅ ነበር። መርማሪው ይህን ሳይጠይቀኝ ቀረ፤ ቢጠይቀኝ ኖሮ ዝም እል ነበር ብዬ ልጀግን አልፈልግም፤ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅምና።

መርማሪው ቅዳሜ ዕለት አስጠራኝ። ደብተሬን ፊቱ ዘርግቶታል።

«ይኼ ሥነ ልቡና የምትለው፣ ማኅበር ነው?»

«ትምህርት ነው።»

ገጹን በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ። «"ሰው ያላየውን ነገር እንዳየው አድርጎ እንዲያስታውስ ማድረግ ይቻላል።" ጽሕፈቱ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ለምን ዓላማ ነው ይህን የምታጠናው?»

ሰው እንዳይታለል ነው አልኩት። አላመነኝም። ደብተሩን ዘጋና ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነገረኝ፤ ምስክር አለብህ፣ በዓይኑ ያየህ የትክል ድንጋይ ገበሬ ነው፣ ቃሉ ተጽፎ አልቋል፣ የቀረው የጣቱ ፊርማ ነው። ሐሙስ ፊት ለፊት ትገናኛላችሁ። እሱ ከፈረመ ጉዳይህ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ከአሥር ዓመት በታች አትጠብቅ አለኝ። አሥር ዓመት ሲል ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ቁልቁል ወረደ። ስለ ፍርሃት በደብተሬ አራት ገጽ ጽፌ ነበር፤ መጀመሪያ የሚያርፈው ሰውነት ላይ ነው፣ አሳብ በኋላ ነው የሚደርሰው ብዬ። እውነት መሆኑን ያረጋገጥኩት ያን ዕለት ነው። አጉል ደስታ ነው።

እስር ቤት ቀኑ አይገፋም። የሾፌሩ ሚስት ምሳ ታመጣለች፣ አንድ ላይ እንበላለን፣ ከዚያ ሾፌሩ እግሩን ዘርግቶ «በል መምህር፣ ያቺን ትምህርትህን አምጣት» ይለኛል። እሁድ ዕለት ስለ ልማድ ነገርኳቸው። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ከውጭ የጭነት ማኪና ማርሽ ሲቀይር በተሰማ ቁጥር የሾፌሩ ግራ እግር ሲሚንቶውን ይረግጥ ነበር።

«እግርህን ተመልከት» አልኩት።

አየና ደነገጠ። «ኧረ የኔ ጌታ! ፍሪሲዮን እየረገጥኩ ነው!»

«ድምፁ ጠራው፣ እግርህ አንተን ሳያስፈቅድ አቤት አለ። አእምሮ የደጋገመውን ሥራ ለሰውነት አስረክቦ እሱ ያርፋል፤ ልማድ ማለት ይኸው ነው።»

ከዚያ በኋላ ማኪና በተሰማ ቁጥር እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ይታገለው ጀመር። አላሸነፈውም። መሪጌታ ደግሞ ድጓውን ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ቃል ሳይጥሉ ይዘው፣ የትናንት ምሳቸውን ለምን እንደሚረሱ ጠየቁኝ። ስለ ድግግሞሽ፣ ስለ ዜማ፣ ልብን ሰብስቦ ስለ መማር ነገርኳቸው። በጥሞና አዳምጠው «የየኔታን አለንጋ ረስተኸዋል» አሉኝ። እሱንም ጨመርኩት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ገቡ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጋቢያቸው ጭቃ የነካው ገበሬ ናቸው። «እንደምን ዋላችሁ» ብለው እበሩ ሥር ተቀመጡ። ከምሳው የተረፈውን እንጀራ ሾፌሩ ሲያቀርብላቸው እጃቸውን ወደ ጋቢው ሳቡ።

«እናንተ ብሉ። እኔ ከገበታችሁ አልቀርብም።»

«ምነው አያ? አሞዎታል?»

«አላመመኝም። ግዝት ላይ ነኝ መሰለኝ።»

«ግዝት ደግሞ መሰለኝ ይባላል?» አለ ሾፌሩ።

«አላውቀዋ! ያሳበደኝ እኮ ይኸው ነው።»

ከጉያቸው ጭብጥ የማይሞላ ቆሎ አውጥተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ለብቻቸው ቆረጠሙ። የተገዘተ ሰው ከክርስቲያን ጋር አንድ ማዕድ አይቆርስም። እሳቸውም መገዘታቸውን ሳያውቁ ለጥንቃቄ ብለው ራሳቸውን ለይተው ነበር። አንጀቴን በሉት።

ነገሩን የነገሩን በማግሥቱ ነው። ወረቀቱ ከተበተነ በኋላ አገሩ ሁሉ ለአውጫጭኝ ሜዳ ወጣ። አውጫጭኝ እንዲህ ነው፦ በደለኛው ሳይገኝ ማንም ቤቱ አይገባም፤ ያየ የሰማ ሁሉ ለተመረጡ ሽማግሎች በጆሯቸው ሹክ ይላል፤ ሽማግሎቹ የተናጋሪውን ስም ሳያወጡ «ወፊቱ እንዲህ አለች» ብለው ለአደባባዩ ይናገራሉ። ማን እንዳለው አይጠየቅም። ወፍ ናትና አትያዝም፣ አትመሰክርም፣ ቂምም አይያዝባትም።

«አምስት ቀን ተቀመጥን» አሉ ሽማግሌው። «ከብቱ ጠባቂ አጣ፣ አዝመራው ላይ ዝንጀሮ ወጣበት። ቄሱ መስቀሉን ይዘው ገዘቱን፤ አይቶ የደበቀ፣ ሳያይ አየሁ ያለ፣ ሁለቱም የተለየ ይሁን ብለው። በአራተኛው ቀን ወፊቱ ተናገረች። የጎንደር አስተማሪ ነው፣ ግራጫ ካፖርት ለብሷል፣ ከሾላው ሥር ቆሞ ነው ያደለው አለች። ያን ዕለት ከሾላው ሥር የተቀመጠ ማነው ተባለ። እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ አዩት?» አለ ሾፌሩ።

«መጀመሪያ አላየሁም አልኩ። እንዴት አላየህም፣ እሾላው ሥር አልነበርክም ወይ አሉኝ። ነበርኩ። ካፖርቱ ግራጫ ነው ጥቁር አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግራጫ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ማታ ደግሞ ሌላው መጥቶ ይጠይቀኛል፣ ጠዋት ሌላው። ጻፉት። ፈርም ሲሉኝ ግዝቱ ትዝ አለኝና ጣቴ አልሄድ አለ። አስረው አመጡኝ።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «አሁን ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል። ካፖርቱ ይታየኛል፣ እጁ ይታየኛል። ካየሁትና ከደበቅሁት ተገዝቻለሁ። ካላየሁትና ከፈረምኩ ተገዝቻለሁ። ሲነጋ አላየሁም እላለሁ፣ ሲመሽ አየሁ እላለሁ።»

እኔ ነኝ የሚፈረምብኝ ሰው። እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም ነበር። የእሳቸው መዝገብ ከትክል ድንጋይ፣ የእኔ ከከተማው ስለ መጣ፣ ምስክሩንና ተከሳሹን አንድ ክፍል ያስገባን የጽሕፈት ቤቱ ዝርክርክነት ነው። ድምፄን አለሳልሼ «ፊቱስ አያ? ፊቱ ይታይዎታል?» አልኳቸው።

«ፊቱማ አንድ ቀን ግብር ተቀባዩን ይመስለኛል፣ አንድ ቀን የሰፈራችንን ዲያቆን። ዛሬ ጠዋት ደግሞ» ብለው ፈገግ አሉ፣ «አንተን መሰለኝ፣ ልጄ።»

ሾፌሩ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። የሆነውን ከማንም ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ከብዙ ጥያቄ ጋር አንድ ነገር ሰው ልብ ውስጥ ቀስ ብሎ ይገባና፣ ውሎ አድሮ የራሱ ትዝታ ይመስለዋል፤ በደብተሬ «ማስረጽ» ብዬ የጻፍኩት ይህንን ነው። ወፊቱ ካፖርት ሰጥታቸዋለች፣ ሾላ ሰጥታቸዋለች፣ ፊት ግን አልሰጠቻቸውም። ባዶውን ፊት ለመሙላት አእምሯቸው በቅርብ ያገኘውን ያነሳል። ከሰኞ ጀምሮ በቅርብ ያለው ደግሞ የእኔ ነው። እስከ ሐሙስ እንዲህ አብረን ከቆየን እኔን ሲያዩ «እሱ ነው!» ማለታቸው አይቀርም፤ ያውም በቅን ልቡና።

ያን ቀን ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ሞኝነት ነው፣ ግን ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ሌላም መንገድ እንዳለ ታየኝ። «አያ፣ አላዩትም፤ ሾላው ሥር ማንም አልነበረም» እያልኩ ሁለት ቀን ብደጋግምላቸው ያምኑኛል። እንዴት እንደሚደረግ ተምሬዋለሁ፣ ድምፄም የሚታመን ነው። ግን ያኔ እኔም ሁለተኛ ወፍ መሆኔ ነው። መርማሪው ያደረገውን ሳደርግ በኮሌጅ ወረቀት ማድረጌ ብቻ ነው ልዩነቱ። እምቢ ያልኩት ከጽድቅ ብዛት አይደለም፤ እኒያ ሰው ቆሎአቸውን ይዘው ጀርባቸውን ሲሰጡን አይቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ አልቻልኩም።

ረቡዕ ጠዋት ዘበኛው እንደ ወትሮው በሩን ከፍቶ ውሃ አስገብቶልን ወጣ። በሩ እንደተዘጋ ሦስቱንም ጠየቅኋቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዘበኛው አሁን ሲገባ ዱላውን በየትኛው እጁ ነው የያዘው?»

«በቀኙ» አለ ሾፌሩ ወዲያው።

«በብብቱ ሸጉጦት ነበር፤ በግራው» አሉ መሪጌታ።

ሽማግሌው አሰቡ። «በቀኙ ነው። ጫፉ ብረት ያለው ዱላ።»

«ዱላ አልያዘም» አልኩ። «በአንድ እጁ ባልዲ፣ በሌላው ቁልፍ ነው የያዘው።»

ጉድ ፈላ። ሾፌሩ በልጆቹ ማለ፣ መሪጌታ ተቆጡ። ቀትር ላይ ዘበኛው ለቆጠራ ሲመለስ ሾፌሩ አላስቻለውም፤ «አንተ፣ ዱላህስ?» አለው።

«ዱላዬ ተሰብሮ ጥዬዋለሁ፣ ሳምንት ሆነው። ምነው፣ ናፈቃችሁ?»

ዘበኛው ከወጣ በኋላ ሾፌሩ መማሉን ተወ። ከዚያ ነገሩን ባጭሩ አስረዳኋቸው። ትውስታ ሣጥን አይደለም፤ ያስቀመጥነውን እንዳለ አናወጣውም። ባስታወስን ቁጥር እንደገና እንሠራዋለን፣ የጎደለውንም ባገኘነው እንሞላለን። እኔ «ዱላ ነበር ወይ» ብዬ አልጠየቅኳችሁም፤ «በየትኛው እጁ» ነው ያልኩት። ዱላውን የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ፣ እጁን የጨመራችሁለት እናንተ። አልዋሻችሁም። ዱላው በእውነት ታይቷችኋል።

ሽማግሌው ከበሩ ሥር ተነሥተው አጠገቤ መጡ።

«ጫፉ ብረት ነው ብያለሁ እኮ» አሉ። «ብረቱን አይቼዋለሁ። እንግዲህ ያየሁትን ካላየሁት በምን ልለየው፣ ልጄ?»

መልሱን አውቀው ነበር፤ አፌ ላይ ነበር። ግን ከመመለሴ በፊት ማን እንደሚመልስላቸው ማወቅ ነበረባቸው።

«አያ፣ ነገ የሚፈርሙብኝ እኔ ነኝ። ያ የጎንደር አስተማሪ የተባለው። ስለዚህ የምነግርዎትን ሁሉ ይጠራጠሩት፤ እኔ እንዳይፈርሙ የምፈልግ ሰው ነኝ።»

ዓይኔን ትክ ብለው አዩት። ደግነቱ ሁሉ ከፊታቸው ጠፋ።

«መቼ አወቅህ?»

«ትናንት።»

«ትናንት አውቀህ ዛሬ ዱላ ታስቆጥረኛለህ!»

ተመልሰው በሩ ሥር ተቀመጡና ፊታቸውን አዞሩ። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። «አበላሸኸው፣ መምህር። ዝም ብትል ምን ነበረበት?» እውነቱን ለመናገር፣ ተቆጭቼ ነበር። ሐቀኛ መሆኔ አሥር ዓመት ሊያስከፍለኝ መሆኑ ሲገባኝ ሐቀኝነቴን ረገምኩት።

ጥያቄውን ያነሱት መሪጌታ ናቸው። ዳዊታቸውን አጥፈው፣ እንደ ዘበት፣ «አያ፣ ያን ቅዳሜ ገበያ ምን ፈልገው ወጥተው ነበር?» አሏቸው።

ሽማግሌው ፊታቸውን ሳያዞሩ መለሱ። «ጊደር ልገዛ።»

«አገኙ?»

«አንዲት መጋላ ጊደር አገኘሁ፤ ሸጋ ነገር ናት። እሾላው ሥር ታስራለች። አፏን ከፍቼ አየሁት። ሁለት ጥርስ ቀይራለች፣ ሦስተኛው ብቅ ብሏል። ባለቤቱ ገና ጥጃ ናት ይለኛል፣ እኔ ጥርሷን እቆጥርለታለሁ። ምላሷ ላይ እዚህ ጋ ጥቁር ነጥብ አለ፣ የባቄላ ፍሬ ያህላል። እጄን ነክሳኝ ነበር። ይኸውላችሁ፣ ምልክቱ አልጠፋም።» እጃቸውን ዘረጉ፤ አውራ ጣታቸው ሥር የዳነ ቁስል ነበር። «ጥርሱን ደግሜ ላየው ስል ነው ሕዝቡ ሲጮህና ሲሯሯጥ የሰማሁት። ቀና ስል ወረቀቱ መሬት ላይ ነበር...»

ንግግራቸው መሐል ላይ ቆመ። እኔማ ከንፈሬን ነክሼ ነበር። ስለ ትኩረት ልነግራቸው የምችለው ብዙ ነበር፤ ልብ አንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ከጎኑ ያለው እንደማይመዘገብ፣ በዓይን ያየነው ሽታና ሕመም ይዞ እንደሚመጣ፣ የሰማነው ግን ወዝ እንደሌለው። አንዱንም አልተናገርኩም። እሳቸውም ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም አሉ። ያን ቀን ከማናችንም ጋር አልተነጋገሩም፤ ቆሎአቸው አልቆ ነበርና ጦማቸውን ዋሉ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ጠሩን። ክፍሉ ውስጥ መርማሪው፣ ጸሐፊው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በታይፕ የተመታ አንድ ገጽና የጣት ቀለም አሉ። እኔን ግድግዳው ጋ አቆሙኝ። መርማሪው ወረቀቱን አነበበ፤ ግራጫ ካፖርት፣ ሾላ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አንብቦ ሲጨርስ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ቃልህ ይኸው ነው?»

«ቃሉስ ሸጋ ነው ጌታው፤ ተደርድሯል። የኔ ግን አይደለም።»

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ አታውቀውም?»

ሽማግሌው አዩኝ። «አውቀዋለሁ።»

ግድግዳው ነው የያዘኝ።

«ከየት ነው የምታውቀው?»

«ከዚሁ ከእስር ቤቱ። ከሰኞ ጀምሮ አብረን ነን። ፊቱን ያወቅሁት እዚያ ነው፤ ገበያ ላይ አይደለም።»

መርማሪው ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ማነው አንድ ላይ ያስገባቸው?» ጸሐፊው ብዕሩን ያየው ጀመር።

«በገበያው ቀንስ ምን አየህ?»

«የጊደር አፍ። ሁለት ጥርስ ቀይራለች፣ ምላሷ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። እሱን ጻፉልኝ፤ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

«ቀልድህን ተው! ፈርም!»

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ጨብጠው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ወፊቱ ትፈርም» አሉ።

መርማሪው ተነሥቶ በጥፊ መታቸው። ጋቢው ከትከሻቸው ወረደ። በግራ እጃቸው መልሰው አስተካከሉት፤ ቀኛቸው ከገባበት አልወጣም። መርማሪው ለትንሽ ጊዜ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ተቀመጠ፣ ወረቀቱን ከመዝገቡ ሥር አስገባው፣ «ውሰዷቸው» አለ። አለቀ።

ኮሪደሩን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም። ክፍላችን ስንገባ ሾፌሩ ፊታችንን አየና ምንም ሳይጠይቅ ተነሣ። ሽማግሌው እበሩ ሥር አልተቀመጡም። ወደ መሐል ገብተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ «ከምሳችሁ የተረፈ አለ? ርቦኛል» አሉ።

መሪጌታ ባረኩ፣ እንጀራው ተዘረጋ፣ አራታችን አንድ ላይ ቀረብን። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው እኔን አጎረሱኝ። «ትናንት ስለተቆጣሁህ ነው» አሉኝ። እየበላሁ አለቀስኩ፤ ሾፌሩ በርበሬው ነው ብሎ አዳነኝ።

እሳቸውን በሳምንቱ ለቀቋቸው። የእኔ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ቀረና ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት «ውጣ» ተባልኩ፤ ምክንያት አልተነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ደብተሩ አልተመለሰልኝም። እንደገና ጻፍኩት፤ ትውስታን የሚመለከተው ምዕራፍ ከበፊቱ አጠር አለ፣ ተሻለም።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያን ጸሐፊ በአንድ ለቅሶ ቤት አገኘሁት፤ እሱም አርጅቷል። ያን ሐሙስ አነሳንና ተጫወትን። እሱ በሚያስታውሰው ሽማግሌው ስለ ወፍ ምንም አላሉም፤ ዝም ብለው አለቀሱ እንጂ። ጥፊም አልነበረም አለኝ። ልከራከረው ፈለግሁና ተውኩት። ምናልባት እሱ ያስታወሰው ለእሱ የሚቀለውን ነው። ምናልባትም ቃሉን ያሳመርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፣ በተናገርኩ ቁጥር እንደገና ሠርቼዋለሁ። ሙያዬ ከማንም በላይ ራሴን እንድጠረጥር አስተምሮኛል።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልለቅም። ያን ቀን እንጀራው ላይ ሆነን፣ ሽማግሌው ሊያጎርሱኝ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ አውራ ጣታቸው አፌ ጋ ደረሰ። ጊደሯ የነከሰችበት ምልክት ነበረበት፣ የፊርማ ቀለም ግን አልነበረበትም። ይህን ማንም አልነገረኝም። አይቻለሁ።